የአዙሚ ጓዝ

የሲራራው ከበሮ ሲመታ አህዮቹ ጆሯቸውን አቆሙ። የኮላ ፍሬ ሊገዙ ከካኖ የመጡባት ሳላጋ ከፊታቸው ናት። ወንዶቹ ጥምጣማቸውን ፈተው አራገፉና እንደገና ጠመጠሙት፤ ሴቶቹ በራሳቸው ላይ ያለውን ሸክም አደላደሉ። የሲራራው አለቃ ማዱጉ ጋዶ ረጅም ጦሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከፊት ከፊት ይራመዳል። የካኖ ሰው ባዕድ ከተማ ሲገባ እንደ ሙሽራ ነው። መንገድ ላይ ሥር ቆፍሮ ሲበላ ቢከርምም ሲገባ ጠግቦ ነው የሚገባው።

ደሉ ግን ከተማውን አላየችም። ዓይኗ የተተከለው ከፊቷ በምትሄደው ግራጫ አህያ ጀርባ ላይ ነው። እዚያ ላይ በጥቁር ሰማያዊ የካኖ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ በመጫኛ ጥፍር ተደርጎ የታሰረ ጓዝ አለ። የጣውንቷ የአዙሚ ጓዝ ነው።

ባሏ ባራው ይህን ጓዝ ጠዋት ጠዋት በገዛ እጁ ይጭነዋል፣ ማታ ማታ በገዛ እጁ ያወርደዋል። ሌላ ሰው እንዲነካው አይወድም። አንድ ቀን አንዱ ጫኝ ሊረዳ እጁን ቢሰድ ባራው ጮኸበት፤ በአሥራ ምናምን ዓመት ትዳር ደሉ ያን ድምፅ ሰምታው አታውቅም። የእሷን ጓዝ ግን የደረሰ ሁሉ ሲያነሳውና ሲጥለው ኖሯል። ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ትልቁ የናስ ሳህን ወንዝ ሲሻገሩ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሲሰረጎድ ባራው «ዕቃ አይደለም እንዴ» ብሎ አልፎት ነበር። ዕቃ አይደለም እንዴ! ይህችን ቃል ደሉ እስከ ዛሬ እንደ መራራ ኮላ ታኝካታለች፣ ምሬቷ አላልቅ ብሏት።

«ደሉ፣» አለቻት ከጎኗ የምትሄደው የከበሮ መቺው ሚስት ላሚ፣ «ኧረ ዓይንሽን ከዚያ ጓዝ ላይ አንሺ። አህያዋ ከበዳት!»

«እኔ ምን አልኩ?»

«አፍሽማ ምንም አላለም። ዓይንሽ ነው ሲጭንና ሲያወርድ የዋለው።»

ከኋላ ያሉት ሴቶች ሳቁ። አዙሚ ከአህያዋ ጎን ሆና አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ገና ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ባለ ረጅም አንገት፣ እግሯ በመንገድ ተሰነጣጥቆ በጨርቅ የጠቀለለችው። ባራው ያገባት ካኖ ሳለ ነው፤ ለደሉም የነገራት በአንድ ምሽት፣ ገንፎውን በልቶ እጁን እየታጠበ ነው። «የናስ ነጋዴው የእህት ልጅ ናት» አላት። «የንግድ ዝምድና ነው።» ደሉም ያን ቃል ይዛ ተኛች። ንግድ ነው። ናሱን ነው ያገባው። የሚሸጥና የሚገዛ ሰው አንዳንዴ ሚስትም ቢገዛ ምን ይደንቃል? እንዲህ እያለች አንጀቷን ስታስር ነው ይህን ሁሉ አገር የተሻገረችው።

የአሻንቲው ንጉሥ ቀራጮች በከተማው በር ጭነቱን አይተው ቀረጣቸውን ተቀበሉና አሳለፏቸው። ሲራራው በቀጥታ ወደ ማላም ሳምቦ ግቢ ገባ። ማላም ሳምቦ አሳዳሪያቸው ነው። በሳላጋ የሩቅ አገር ነጋዴ ያለ አሳዳሪ አይገዛም አይሸጥም፤ አሳዳሪው ያስተኛዋል፣ ኮላ ያማርጥለታል፣ ይዋስለታል። በግቢው ውስጥ የእንግዳ ዕቃ ከጠፋ ደግሞ ከገዛ ቤቱ አውጥቶ ይተካል። ስለዚህ ሽማግሌው በስሙ ይምላል፣ ሰውም በስሙ ይምላል።

ወንዶቹ አሳዳሪውን ለመሳለም እንግዳ ወደሚቀበልበት ደጅ ቤት ገቡ። ባራው የአዙሚን ጓዝ አውርዶ ከጭቃው ግድግዳ ሥር በጥንቃቄ አስቀመጠና እሱም ተከተላቸው። ላሚና ሌሎቹ ውሃ ሊገዙ ወጡ፤ በሳላጋ ውሃ ከወተት ይወደዳል። አዙሚ እንጨት ፍለጋ ሄደች። ደሉ ብቻ ቀርታ ሦስት ድንጋይ አቀራርባ ምድጃ ትሠራለች።

ያኔ ነው ሰውዬው በሸንበቆው አጥር በኩል ሹልክ ብሎ የገባው።

ጉንጩ ላይ የዛሪያ ሰዎች ብጣት አለ፤ ድመት የቧጠጠው ይመስላል። ሆዱ ቀደም ብሎ ይሄዳል። ደሉን አያት፣ ደሉም አየችው።

«የካኖ አሽከሮች፣» አለ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ጌታችሁ መጣ ቢባል አንዳችሁም አትነሱም?»

ጓዙን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለው። ከዚያ ቆም አለ። ትጮሃለች ብሎ ነው የቆመው።

ካኖና ዛሪያ ጎረቤት ከተሞች ናቸው፤ ሰዎቻቸውም የጨዋታ ዘመድ ናቸው። የዛሪያ ሰው የካኖን ሰው ዕቃ ቢነጥቅ ሌባ አይባልም፣ አይጥ ነው የሚባለው። ያየው ሰው «የዛሪያ አይጥ ገባ!» ብሎ ይጮሃል፤ ሰው ሁሉ እየሳቀ ያባርረዋል፤ ባለ ዕቃው አንድ እፍኝ ኮላ ሰጥቶ ዕቃውን ያስመልሳል፤ ስድቡም ሳቁም ይጠገባል። ካኖም በዛሪያ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። ታዲያ ጨዋታው ደንብ አለው። ነጣቂው የነጠቀውን አይፈታም። መንጠቅ ጨዋታ ነው፣ መፍታት ሌብነት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ጨዋታው ያበቃል፤ ዕቃው ይመለሳል። ይሄ ሁሉ ግን የአገር ቤት፣ የበዓል ቀን ነገር ነው። በባዕድ አገር ማን ያስበዋል?

ደሉ አፏን ከፈተች። ጩኸቱ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ጓዝ ስታየው፣ ያን ጥፍር ያለ ቋጠሮ ስታየው፣ ጩኸቱ ተመልሶ ወደ ሆዷ ወረደ። ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ድንጋዩን አስተካከለች።

እስከ ምሳ ታልቅስ፣ አለች በልቧ። እስከ ምሳ ብቻ።

ሰውዬው ግራ ገብቶት ትንሽ ቆየና በመጣበት ሄደ።

አዙሚ ተመልሳ ባዶውን ግድግዳ ስታይ እንጨቱን ለቀቀችው። ደሉ ለቅሶ ነበር የጠበቀችው። ለቅሶ አልነበረም። ልጅቷ «ጓዜ! ጓዜ ተሰረቀ!» ብላ አንድ ጊዜ ጮኸችና ወዲያው በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ ያመለጣት ቃል ቢመለስላት ያላትን ሁሉ የምትሰጥ ትመስላለች። ግን ቃል ከአፍ ከወጣ ወዲያ ማን ይመልሰዋል። ሰው ተሰበሰበ። ማላም ሳምቦም መቁጠሪያውን እንደያዘ፣ ጫማውን አጣሞ አጥልቆ፣ ከደጅ ቤቱ እየተንቀጠቀጠ ወጣ።

«በእኔ ግቢ?» አለ። «አባቴ ይህን ግቢ ከሠራው ጀምሮ የእንግዳ መርፌ ጠፍቶበት አያውቅም።»

«ይጠፋል ብለን አይደለም፣ አባታችን፣» አለ ማዱጉ ጋዶ አጎንብሶ። «ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው።»

«ደነገጠችም አልደነገጠችም ተሰረቅሁ ብላለች። ጎረቤት ሰምቷል። እንግዲህ እኔ እተካለሁ፤ ወጋችን ነው። ነይ ልጄ፣ ቅረቢ። ጓዝሽ ውስጥ ምን ምን ነበር?»

አዙሚ መሬት መሬት ታያለች።

«ሰምተሽኛል? ምን ምን ነበር? ንገሪኝና ፀሐይ ሳትጠልቅ ልተካልሽ።»

ዝም።

«ናስ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣» አለ ማዱጉ ሊረዳት። «ስንት ሳህን ነው ልጄ? ሌላስ ነገር አለበት?»

አዙሚ እግሯ ላይ የጠቀለለችውን ጨርቅ ታጠብቃለች።

ሽማግሌው መቁጠሪያውን እጁ ላይ ጠቀለለው። ፊቱ ጠቆረ። «ስም የሌለው ዕቃ እንዴት ይተካል? ወይ ያልነበረ ዕቃ ነው፣ ወይ ለሰው የማይነገር ዕቃ ነው። ያልነበረ ከሆነ ስሜን አጠፋችው። የማይነገር ከሆነ ደግሞ...» ባራውን አየው። የቀረውን ሁሉም በየሆዱ ጨረሰው። አንዱ ወንድ ለሌላው በጆሮው አንድ ነገር አለው፤ ሌላው ራሱን ነቀነቀ። ሙሽራ ከሌላ ወንድ የተቀበለችው ነገር ካልሆነ ለምን ትደብቃለች?

ማዱጉ ጋዶ ጦሩን መሬት ላይ ተከለ። «ባራው፣ ወንድሜ፣ ነገሩ ያንተ ብቻ አይደለም። አሳዳሪያችንን ካስቀየምን የት እናድራለን? ኮላውን ማን ይገዛልናል? እስከ ከሰዓት ሶላት ድረስ ትናገር። ካልተናገረች ዋሽቻለሁ ብላ በሰው ፊት ይቅርታ ትለምን፤ ነገ ወደ ካኖ ከሚመለሰው ሲራራ ጋር ወደ አባቷ ቤት ትሂድ። አሳዳሪውን የሰደበች ሚስት ይዘን አንዞርም። ፍቺውን ትሰጣታለህ።»

ባራው ወደ አዙሚ ጠጋ ብሎ ዝቅ አለ። ሌላ ሰው አልሰማም ይሆናል፤ ደሉ ግን ሰማች። በዚህ በኩል ጆሮዋ የጥንቸል ነው።

«አይዞሽ፣» አላት።

አይዞሽ! ደሉ የመጀመሪያ ልጇን ሦስት ቀን አምጣ ስትወልድ እንኳ አይዞሽ ብሏት አያውቅም። ያን ጊዜ በደጅ ሆኖ ስለ አህያ ዋጋ ሲያወራ ድምፁን ትሰማው ነበር።

አሁን ነገሩ በእሷ እጅ ገብቷል። ከአፏ አንዲት ቃል ብታወጣ፣ የዛሪያ አይጥ ነው ብትል፣ ሁሉም ይስቅና ያልቃል። ዝም ካለች ደግሞ ጣውንቷ ነገ ትሄዳለች። ከካኖ ጀምራ፣ ወንዝ በወንዝ፣ ዛፍ በዛፍ ስትለምነው የነበረው ነገር መጥቶ ደጇ ላይ ተቀመጠ። መናገር አይጠበቅባትም፣ መሥራት አይጠበቅባትም። ምሳ ማብሰል ብቻ።

ማሽላውን አማሰለች። እጇ ያማስላል እንጂ ልቧ እዚያ ጓዝ ውስጥ ነው። ምን ቢሆን ነው? ከመናገር መፈታትን የመረጠችለት ዕቃ ምን ይሆን? የወርቅ ፍርፋሪ? ወይስ ያ የዛጎልማ ዶቃ፣ ደሉ አንድ ጊዜ ባሏን የጠየቀችው፣ እሱም «ለዓመቱ» ያላት፣ ዓመቱም ደርሶ ያለፈው? እሱ ነው የሰጣት። ሌላ ማን ይሰጣታል! በድብቅ ሰጥቷት፣ ለደሉ እንዳይነገር አስምሏት ነው። ለዚህ ነው ያን ቋጠሮ በራሱ እጅ የሚያስረው። ለዚህ ነው አይዞሽ ያላት።

ማማሰያው ቆመ።

ልጅቷ ብትሄድ፣ አለች በልቧ፣ ሰውዬው ማታ ጓዙን ይመልሰዋል። ባሌም ተቀብሎ ወደ አባቷ ቤት ይልክላታል። እኔም ምን እንደነበረበት ሳላይ እቀራለሁ። ይሄን ሳላይ ብሞት መቃብሬ ውስጥ እገላበጣለሁ።

«ላሚ፣ ገንፎውን እይልኝ። ውሃ ልገዛ ነው።»

«አሁን ገዝተን መጣን እኮ!»

«አልበቃኝም፣» አለችና እንስራዋን ይዛ ወጣች።

የዛሪያ ሰዎች የሚያርፉበት ሰፈር ከገበያው ማዶ ነው። ሰውዬውን ከአንድ የጥላ ዛፍ ሥር፣ በአዙሚ ጓዝ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጓደኞቹ እየሳቁበት ነው። ደሉን ሲያይ እጁን ወደ ሰማይ አነሳ።

«አልሐምዱሊላህ! ካኖ ሰው አለው ለካ! እኔ ጋምቦ ስንቱን የካኖ ዕቃ ስነጥቅ እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም። ከማለዳ ጀምሮ የሚያባርረኝ ሰው እየጠበቅሁ መቀመጫዬ ሻገተ! ምን ሆናችሁ? መንገዱ ጨረሳችሁ?»

«የዛሪያ አይጥ፣» አለች ደሉ፣ «አይጥ ገብቶ ቢወጣ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ድመታችን እንኳ አልተነሳችም።»

ዛፉ ሥር ያሉት በሳቅ ፈረሱ። ጋምቦም ራሱ ሳቀ፤ ተርቦ የቆየ ሰው ምግብ ሲያገኝ እንደሚሆነው ሆነ።

«ዓይን ለዓይን ተያይተን ነበር እኮ፣ አንቺ የካኖ ሴት። ለምን አልጮህሽም?»

«ሆድህን አይቼ ነፍሰ ጡር መስለኸኝ። በነፍሰ ጡር ላይ አይጮህም።»

«ኧረ ተሰደብኩ! ተሰደብኩ ወገኖቼ! በሉ ቤዛዬን። የካኖ ሰው ጥላው ላይ የተቀመጠን ሰው እንኳ ዋጋ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ቸር ነኝ፣ አንድ እፍኝ ኮላ ይበቃኛል።»

ደሉ ከመቀነቷ ኮላ አውጥታ በእጁ አፈሰሰችለት። ጋምቦ ተነሥቶ ጓዙን እሷ ራስ ላይ አሸከማት፤ ሲያሸክማት ሳቁን ትንሽ ገታ አደረገ።

«አልፈታሁትም። ቋጠሮውን እይው፣ እንዳለ ነው። በዚህ አትጠርጥሩን።»

«ጠርጣሪ የለም፣» አለች።

ከሰፈሩ እስክትወጣ እንስራዋን በእጇ ይዛ ቀጥ ብላ ሄደች። ከገበያው ጀርባ ስትደርስ ግን እርምጃዋን ቀነስ አደረገች። አንድ ነገር አልጣማትም። ናስ የተሸከመች ሴት ስትራመድ ራሷ ላይ ይዘፈንላታል፤ ሳህን ከሳህን ሲነካካ ቀጭን ድምፅ አለው፤ ደሉ ያን ድምፅ ከእናቷ ቤት ጀምራ ታውቀዋለች። ይሄ ግን አይዘፍንም። ይሄ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ሲያሳል እንደሚያድር ሽማግሌ።

ውሃው ከደረቀ አሮጌ ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ አለች። ዙሪያዋን አየች፤ ከሩቅ ፍየል ብቻ። መፍታት ሌብነት ነው፤ ታውቃለች። ጣቷ ግን ቀድሟት ቋጠሮው ላይ ነበር።

ከላይ ሦስት የናስ ሳህኖች። በአሸዋ ተወልውለው ፀሐይ ይመስላሉ። ደሉ እያየቻቸው ትንፋሿን ያዘች። አነሳቻቸው። ከሥራቸው ገለባ። ከገለባው ሥር ደግሞ ገል። የተሰበረ የእንስራ ገል፣ የተሰበረ የድስት ገል፤ ጠርዙ በድንጋይ ተሞርዶ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ሳህን ተደርድሮ፣ በአሮጌ ጨርቅ ተሸፍኖ። ከታች የተሰነጠቀ ቅል፣ በክር ተሰፍቶ። አበቃ። ወርቅ የለም፣ ዶቃ የለም።

የናስ ነጋዴው የእህት ልጅ! አጎቷ ምንም አልሰጣትም። ድሃ እናቷ ጎረቤት እንዳይስቅ፣ ጣውንት እንዳትንቅ፣ ሌሊት ተቀምጣ ገል እየሞረደች ነው ሙሽራዋን የሸኘቻት።

ደሉ ሳቀች። ብቻዋን፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። አሁን ይህን ጓዝ ወስዳ በማላም ሳምቦ ግቢ መካከል፣ በሰው ሁሉ ፊት ብትዘረግፈው! ካኖ እስኪደርሱ ይሳቅበታል። ላሚ ዘፈን ታወጣለታለች። ልጅቷ ካሁን በኋላ በማን ፊት አንገቷን ቀና ታደርጋለች?

ሳቋ እንዳለ ገሎቹን መመለስ ጀመረች፤ ጨርቁን ጠቀለለች፤ መጫኛውን አነሳች። እዚህ ላይ እጇ ቆመ።

መጫኛው። ባራው።

ይሄ ሰው ዕድሜውን በሙሉ አህያ ሲጭን የኖረ ነው። የጨው ጆንያ አንስቶ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደቀለጠ በእጁ የሚናገር ሰው ነው። ናስና ገል መለየት ጠፍቶት ነው? መጀመሪያ ቀን፣ የመጀመሪያውን ጭነት ሲያነሳ፣ ያኔውኑ ነው ያወቀው። አውቆ ነው በራሱ እጅ የሚያስረው። አውቆ ነው ጫኙ ላይ የጮኸው፤ ሌላ እጅ እንዳያውቅ። አይዞሽ ያላትም አውቆ ነው።

መጫኛውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ይሄ ሁሉ ቢዘረገፍ ሰው ምን ይላል? ዛሬ በልጅቷ ይስቃል። ነገስ? ነገ ይጠይቃል። ናስ ከሌላት፣ ዘመድ ከሌላት፣ ምኗን አይቶ አገባት? ብሎ ይጠይቃል። መልሱም አንድ ነው። እሷን አይቶ ነዋ! ያኔ ደሉ በምን ታስራለች አንጀቷን? «ንግድ ነው፣ ናሱን ነው ያገባው» የምትለው ቃል ከካኖ እስከ ሳላጋ ያደረሳት ምርኩዟ ነው። በገዛ እጇ ልትሰብረው ነው?

ደሉ መጫኛውን ጥርሷን ነክሳ አጠበቀችው።

ስትገባ የከሰዓት ሶላት ተሰግዶ ወንዶቹ ገና ከምንጣፋቸው አልተነሱም ነበር። አዙሚ ለብቻዋ ግድግዳው ሥር፣ ጓዟ በነበረበት ቦታ ተቀምጣለች። ደሉ መካከል ላይ ደርሳ ሸክሟን አወረደችና ወገቧን ያዘች።

«የዛሪያ አይጥ ነው የገባው!» አለች በሙሉ ድምጿ። «እናንተ ሌባ ትፈልጋላችሁ፣ ጋምቦ የሚባል ሆዳም ከገበያ ማዶ ላዩ ላይ ተቀምጦ እየሳቀብን ነው። ውሃ ልገዛ ሄጄ አገኘሁት። በእኔ ኮላ ነው ያስመለስኩት፣ ባለ ዕዳ እወቁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማላም ሳምቦ ነው፤ ጥርስ በሌለው አፉ፣ ዕንባው እስኪወርድ። «ዛሪያ! ዛሪያ! እኔስ ስሜ ጠፋ ብዬ መሞቴ ነበር!» ግቢው ሁሉ ተቀበለው። ማዱጉ ጋዶ ጦሩን ነቅሎ «እነዚህን የአገዳ ሌቦች ነገ አህያቸውን ነው የምንነጥቃቸው!» አለ።

ሳቁ በረድ ሲል ግን አሳዳሪው እጁን አነሳ። «እንግዲህ ፍቱትና ይታይ። አንድ ነገር ጎድሎ ከሆነ በእኔ ግቢ ነው የጎደለው፤ ወጌን ልፈጽም።»

የአዙሚ ፊት አመድ መሰለ። ባራው ከምንጣፉ ተነሣ። አንድ እርምጃ ወደ ጓዙ ተራመደ፣ ሊያደርገው ያሰበውን ግን እሱም አላወቀውም።

ደሉ ጓዙ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ምን ይፈታል? የሚፈታ ሌባ ነው፤ ጋምቦ አልፈታውም። አሥራ ሁለት የናስ ሳህን ነው። አንድም አልጎደለ።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?» አላት ማዱጉ።

«በምን አወቅሽ ይባላል? ጣውንቴ አይደለች? ከካኖ እስከዚህ ዓይኔ ከዚህ ጓዝ ላይ ተነሥቶ ያውቃል? ላሚን ጠይቋት!»

«አህያዋን እስኪከብዳት!» አለች ላሚ።

ሰው ሁሉ እንደገና ፈነዳ። ማላም ሳምቦ መቁጠሪያውን እያወዛወዘ «ጣውንት ከቆጠረችው ወዲያ ምን ምስክር አለ!» አለ። «ጣውንት ለጣውንቷ አንድ ሳህን ትቀንስባት ይሆናል እንጂ አትጨምርላትም። ግን ይቺ ልጅ ስጠይቃት ለምን ዝም አለች?»

«ሙሽራ ናት። ሙሽራ በወንድ ፊት ናሴ ይህን ያህል ነው ብላ ትቆጥራለች? እናቷ አሳድጋታለች።»

«እውነት ነው፣» አለ ሽማግሌው ራሱን እየነቀነቀ። «እውነት ነው። እኛ ነን ያጠፋነው።»

ወንዶቹ ወደ ኮላቸው ወሬ ተመለሱ። ደሉ ገንፎዋ ሲያርር ሸትቷት ወደ ምድጃው ሄደች። ትንሽ ቆይቶ አዙሚ መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች።

«እትዬ...»

«ዝም በይ።»

«አይተሽዋል። ከድምፅሽ አውቄዋለሁ። ለምን...»

«አሥራ ሁለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንቺም ስትጠየቂ አሥራ ሁለት ነው የምትይው። አንድ እንኳ ብታጎድዪ በዚህ ማማሰያ ነው የምልሽ።»

«አላህ ይስጥሽ፣ እትዬ። እኔ እኮ ትጠዪኛለሽ ብዬ...»

ደሉ ማማሰያውን ከድስቱ አወጣች። «እጠላሻለሁ። ለአንቺ ብዬ ያደረግሁት መስሎሽ እንዳትሳሳቺ። ሂጂ፣ ውሃ አምጪ።»

ሲራራው ከሳላጋ የተነሣው ኮላው ተገዝቶ፣ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ ካለቀ በኋላ ነው። በማለዳው ባራው እንደ ልማዱ የአዙሚን ጓዝ ራሱ ሊጭን ጎንበስ አለ። ጣቱ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ቆመ። ቋጠሮው እንደ እሱ ነው የተቋጠረው፤ ደሉ ስንት ዓመት ሲቋጥር አይታዋለች። ግን ጫፉ በግራ በኩል ነው የወጣው። ደሉ ግራኝ ናት።

ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። የካኖ ሴት የባሏን ስም አትጠራም፤ እሱም የሚስቱን ነገር በደጅ አያነሳም።

ባራው ቋጠሮውን ፈታና እንደገና በቀኝ አሰረው። ከዚያ ጓዙን አነሳው። ሲያነሳው ወገቡን ይዞ «እህ!» አለ፤ ሰው እንዲሰማ አድርጎ፣ የአሥራ ሁለት ሳህን ክብደት የከበደው መስሎ። ገሉን አህያዋ ላይ በቀስታ፣ እንዳይነካካ፣ እንቁላል የሚያስቀምጥ ይመስል አስቀመጠው።

ከበሮው ተመታ። ደሉ የራሷን ጓዝ አንዱ ጫኝ አህያ ላይ ሲወረውረው ሰማች፤ ናሷ በውስጡ ጮኸ። ዞር ብላ አላየችም። ከግራጫዋ አህያ ኋላ ገብታ መራመድ ጀመረች። ዓይኗ እዚያው ነው። አህያዋ ስትወዛወዝ ከጨርቁ ውስጥ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ከኋላዋ ያለችው ላሚ እንዳትሰማው ደሉ በሙሉ ድምጿ የመንገድ ዘፈን አነሳች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ካኖ እስኪደርሱ ድረስ ስትዘፍን ልትሄድ ነው፤ አወቀችው።

የእኔ ጓዝ ናስ ነው፣ አለች በልቧ እየዘፈነች። ናስማ ማንም ይጭናል።